«28 ይርስ ሌተር»፦ ሃያሲው ያደነቀው ፊልም ተመልካቹን ለምን ለሁለት ከፈለ?

የማታ_ሾው

ሰላም ለሁላችሁ። በ2025 ስለወጣው «28 ይርስ ሌተር» የሚባል ሆረር (አስፈሪ) ፊልም ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን እርስ በርስ አልገጥም አሉኝ። የፊልም አስተያየቶችን በሚሰበስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶሜቶስ ላይ ሃያሲያኑ 90 በመቶ አካባቢ ሲሰጡት ተመልካቹ 60ዎቹ ውስጥ ቀርቷል። የተመልካች አስተያየት የሚሰበስበው ሲኒማስኮር «ቢ» ብሎታል። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ 30 ሚሊዮን ዶላር፣ ሁለተኛው 9.7 ሚሊዮን ገደማ። ታዲያ ሕዝቡ ወደደው ወይስ ጠላው? የትኛውን ቁጥር ልመን? «ይሄ የዞምቢ ፊልም አይደለም» የሚለው ቅሬታስ ከየት መጣ? ፊልሙን ስላየሁት ስፖይለር አትቆጥቡ። ያላያችሁ ግን እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል።

ትኬት_ቆራጭ

ቁጥሮቹ አልተጣሉም፤ እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ነው።

ሮተን ቶሜቶስ ላይ 90 በመቶ ማለት ከ10 ሃያሲ 9ኙ «ይታያል» አሉ ማለት እንጂ ፊልሙ ከ100 ዘጠና አገኘ ማለት አይደለም። ሁሉም ሃያሲ ከ10 ሰባት ቢሰጠው ውጤቱ 100 በመቶ ሊሆን ይችላል። በተመልካቹ በኩል «ወደደ» ተብሎ የሚቆጠረው ከ5 ኮከብ 3.5 እና ከዚያ በላይ የሰጠ ብቻ ነው። «ደህና ነው፣ መጨረሻው ግን አበላሸው» ብሎ 3 ኮከብ የሰጠ ሰው 1 ኮከብ ከሰጠው ጋር ይደመራል። ይህ ፊልም ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው የሞላበት ነው። ስለዚህ 60ዎቹን አይተህ «ከሦስት አንዱ ጠላው» ብለህ እንዳትጽፍ። ከሦስት አንዱ ቅር ብሎት ወጣ ብትል ወደ እውነቱ ትቀርባለህ።

ሲኒማስኮር ሌላ ነገር ነው። በመክፈቻው ምሽት፣ በአሜሪካና በካናዳ ብቻ፣ ከአዳራሽ ለሚወጡ ሰዎች ካርድ ይሰጣል፤ ከኤ እስከ ኤፍ ይመርጣሉ። በመጀመሪያው ምሽት የሚመጣው ፊልሙን ሲጠብቅ የከረመ ሰው ስለሆነ ካርዱ የሚለካው ጥራትን ሳይሆን «የጠበቅኩትን አገኘሁ ወይ?» የሚለውን ነው። ሆረር በዚህ መለኪያ ብዙ ጊዜ ይጎዳል፤ ለድራማ ደካማ የሚባለው ቢ ለሆረር ደህና ውጤት ነው።

ገቢው ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። ከ30 ወደ 9.7 ማለት 68 በመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ሆረር ከ55 እስከ 60 በመቶ መውረዱ የተለመደ ስለሆነ ይሄ ከልማዱ የባሰ ነው። ግን ሁለት ነገር አስተካክል። አንደኛ፣ የሐሙስ ማታው ቅድመ እይታ ከዓርብ ገቢ ጋር ስለሚደመር የመጀመሪያው ቁጥር ያበጠ ነው። ሁለተኛ፣ ሰኔ 27 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ላይ «ኤፍ ዋን» እና «ሜጋን 2.0» በአንድ ቀን ወጡ። የመጀመሪያው ትልልቆቹን ስክሪኖች ወሰደ፣ ሁለተኛው የዚያኑ የሆረር ተመልካች ዓይን ሳበ። ከመውረዱ ምን ያህሉ ቅሬታ፣ ምን ያህሉ ውድድር እንደሆነ ከቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም።

ደም_አይፈራ

ትኬት_ቆራጭ ሂሳቡን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ፊልሙ ልግባ። ቅሬታ የምትሰበስብ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተት።

ትልቁ ቅሬታ የትሬይለሩ ነው። በታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ትሬይለር በ1915 የተቀዳውን የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የኪፕሊንግን «ቡትስ» ግጥም ንባብ ከላይ አድርጎ ያለ ፋታ የሚያስጨንቅ ፊልም ቃል ገባ። ፊልሙ ግን ከግማሹ በኋላ ፊቱን አዙሮ የ12 ዓመቱ ስፓይክና የታመመች እናቱ የአይላ ታሪክ ይሆናል። ዶክተር ኬልሰን የሚባለው ሰውም በፍርሃት ፋንታ የሐዘን ትምህርት ይዞ ይመጣል። ለሃያሲ ይህ ብርታት ነው፤ ለመፍራት ትኬት ለገዛ ሰው ደግሞ የተለወጠ ዕቃ ነው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ጥፋቱ ያለው ማስታወቂያው ላይ ነው።

ቀጥሎ መጨረሻው አለ። ስፓይክ በበሽተኞች ሊከበብ ሲል ቢጫ ዊግና ባለቀለም ቱታ የለበሱ ሰዎች እየተገለባበጡ ይደርሱለታል። እዚህ ላይ አስተያየቶቹን በአገር ለያቸው። እንግሊዛዊው ተመልካች አለባበሱ የጂሚ ሳቪል መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ሳቪል በ2011 የሞተ የቴሌቪዥን አቅራቢ ሲሆን ሕፃናትን በወሲብ ሲያጠቃ እንደኖረ በ2012 ይፋ ወጣ። በፊልሙ ዓለም ደግሞ አገሪቱ የፈረሰችው በ2002 ነው፤ ያኔ ልጅ የነበረው የቱታ ለባሾቹ መሪ ጂሚ ክሪስታል ሳቪልን የሚያውቀው እንደ ተወዳጅ የልጆች ወዳጅ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ይሰቀጥጠዋል፤ የማያውቀው አሜሪካዊ ግን የኩንግፉ ቀልድ አይቶ «ምን ጉድ ነው?» ብሎ ይወጣል። ሲኒማስኮር የሚጠይቀው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው፤ ያውም ትዕይንቱን ባየ በደቂቃዎች ውስጥ።

ሌላው የፊልሙ ዓለም ራሱ ስለሚከተለው ሕግ የሚነሳ ጥያቄ ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ያሉት ሙታን ሳይሆኑ በቁጣ ቫይረስ የተያዙ በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። በ2002ቱ የመጀመሪያ ፊልም በረሃብ እንደሚያልቁ ስለተነገረን «28 ዓመት ምን በልተው?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ፊልሙ መልስ አለው፤ ግን በንግግር ሳይሆን በምስል ነው የሚመልሰው። በደረታቸው የሚሳቡት ወፍራሞቹ ትል ይበላሉ፣ ሌሎቹ አልፋ በሚባል ግዙፍ መሪ እየተመሩ አጋዘን ያድናሉ። ከበሽተኛ እናት ጤነኛ ሕፃን ሲወለድ ግን ኬልሰን የእንግዴ ልጁን ተአምር ጠቅሶ ያልፋል፤ እኔም ይህን ትዕይንት ደካማ ነው እላለሁ። የ2007ቱ ክፍል ቫይረሱን ፓሪስ አድርሶ ነበር የተዘጋው፤ አዲሱ ደግሞ ቫይረሱ ከአውሮፓ ተገፍቶ ብሪታንያ ብቻ እንደታጠረች በመግቢያው ጽሑፍ ይነግረናል። ያን ክፍል ለሚወዱ ሰዎች ይህ በአንድ መስመር መሰረዝ ሆኖባቸዋል።

ሦስተኛ_ረድፍ

ስለ ቢው ውጤትና ስለ መውረዱ አንድ ማስተካከያ አለኝ፤ ዝቅተኛ ውጤት ሁልጊዜ ፊልም አይገድልም። በ2018 «ሄሬዲታሪ» ከሲኒማስኮር ዲ ፕላስ ነው ያገኘው። ሆኖም በሰሜን አሜሪካ በ13.6 ሚሊዮን ከፍቶ 44 ሚሊዮን ደረሰ፤ የመክፈቻውን 3.2 እጥፍ ማለት ነው። «28 ይርስ ሌተር» በ30 ከፍቶ 70 ገደማ ላይ ቆመ፣ 2.3 እጥፍ። የተሻለ ውጤት ያገኘው ፊልም ነው አጭር የሮጠው። ስለዚህ የማታ_ሾው፣ የአፍ ወሬውን ለመለካት ጠቅላላውን ገቢ ለመክፈቻው አካፍልና እጥፉን ተጠቀም። ከ3 በላይ ከሆነ ሰው ለሰው እየነገረ ነው፤ ከ2 ከወረደ ከመክፈቻው በኋላ የገባው ገቢ ከመክፈቻው ያነሰ ነው ማለት ነው።

ሌላው ማንም የማያነሳው የእይታ ጉዳይ ነው። ፊልሙ አብዛኛው በአይፎን 15 ፕሮ ማክስ የተቀረጸ ሲሆን የምስሉ ስፋት ለቁመት 2.76 ለ1 ነው። በተለመደው 16 ለ9 ቴሌቪዥን ላይ ከስክሪኑ ቁመት 64 በመቶው ብቻ ነው ምስል የሚሆነው፤ ቀሪው ከላይና ከታች ጥቁር ነው። «ምስሉ ጠበበ፣ ጨለመ» የሚሉ ብዙዎቹ ቅሬታዎች የቤት ተመልካች ቅሬታዎች ናቸው። «ዙም» አድርጋችሁ ጥቁሩን አታጥፉት፤ ግራና ቀኙ ይቆረጥና በሜዳው ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያየውን አልፋ አታዩትም። ቴሌቪዥኑ እንቅስቃሴን ለማለስለስ የሚጠቀምበትን ሞሽን ስሙዚንግንም ዝጉ። ቀስት ሲመታ ምስሉ የሚቆመውና የሚዞረው 20 አይፎን በደረደረ ማቀፊያ ስለተቀረጸ ነው። ቴሌቪዥኑ በመካከል የራሱን ፍሬም ሲጨምርበት ያ ድንገተኛ መቆራረጥ ይለሰልስና የተበላሸ ፋይል ይመስላል። የሌሊቱን ትዕይንት በጣም በተጨመቀ ኮፒ ማየትም አይመከርም፤ ጥቁሩ ወደ ካሬ ካሬ ይሰባበራል።

የማታ_ሾው

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቀጣዩ ክፍል፣ «ዘ ቦን ቴምፕል»፣ ኤ ማይነስ አግኝቶ ሳለ ለምን በ13 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ከፈተ? ተመልካች የወደደው እሱን አይደል?

ትኬት_ቆራጭ

የጽሑፍህ እምብርት እዚያ ነው። የመክፈቻ ገቢ ማንም ገና ያላየውን ፊልም አይለካም፤ የሚለካው ማስታወቂያውንና ከሱ በፊት የነበረውን ክፍል ነው። ኒያ ዳኮስታ ዳይሬክት ያደረገችው ይህ ቀጣይ ክፍል የወጣው ጥር 16 ቀን 2026 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በቱታዎቹ ሰዎች ግር ብሎት የወጣው ሰው ሰባት ወር እንኳ አልሞላውም። ታሪኩም የሚቀጥለው ከነዚያው ከጂሚዎቹ ጋር ነው። የቀረው ሰው የቀረው በ2025ቱ ፊልም ነው፤ የመጣው ደግሞ መጨረሻውን የወደደው ክፍል ስለሆነ ካርዱ ላይ ኤ ማይነስ መስጠቱ አያስገርምም። የጥር ወር ቀዝቃዛ ገበያም አለበት፤ ግን 30ን ወደ 13 የሚያወርድ ወር ብቻውን አይመስለኝም።

ስለዚህ ስታወዳድር የአንዱን መክፈቻ ከራሱ ደረጃ ጋር አታጣምር። የ2025ቱን ቢ ከ2026ቱ መክፈቻ ጎን አስቀምጠው፤ የ2026ቱን ኤ ማይነስ ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ከሚከፍትበት ገቢ ጎን። ለሁለቱም ወጪያቸው 60 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ መሆኑን ጨምርበት። ከትኬት ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቱ ስለሚቀር የ2025ቱ ፊልም በዓለም ዙሪያ ያስገባው 150 ሚሊዮን ገደማ ሲታይ ብዙ ቢመስልም ለአዘጋጆቹ የተረፈው ጠባብ ነው።

ደም_አይፈራ

አስተያየቶችን ስትጠቅስ የተጻፉበትን ቀንም ጻፍ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጻፈው በብዛት ስለ መጨረሻው ትዕይንት ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ ስትሪሚንግ ላይ ከገባ በኋላ የተጻፈው ደግሞ ስለ አይላ ሞትና ኬልሰንን ሆኖ ስለሚተውነው ራልፍ ፋይንስ ሊሆን ይችላል። በቀን ካልለየሃቸው አንድ ተመልካች ሐሳቡን የቀየረ ያስመስልብሃል፤ የሚጽፉት ግን የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።