ፎር ዊል ድራይቩ በዝናብ ማግሥት የሚጠፋ መኪና፦ ኮፕሊንጉ ይቀየር ወይስ ሽቦው ይፈተሽ?

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራች ባለ ቤንዚን ቶዮታ ራቭ ፎር አለችኝ። ቤቴ ሱሉልታ፣ ሥራዬ አዲስ አበባ ስለሆነ የእንጦጦን ዳገት በየቀኑ እመላለስበታለሁ፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለው መንገድም በክረምት ጭቃው ጎማ የሚውጥ በመሆኑ ፎር ዊሉ ለእኔ ቅንጦት አይደለም። ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ፣ ሌሊት ሲዘንብ ባደረ ቁጥር ጠዋት ጥቂት እንደነዳሁ የፎር ዊል ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ የሎክ ቁልፉንም (የኋላውን ከፊቱ ጋር አቆራኝቶ የሚይዘውን) ብጫነው አይቀበልም። ፀሐይ ወጥታ ውላ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ሳስነሣት ግን ምንም ምልክት አይታይም። የኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያው) መብራት አንድም ቀን በርቶ አያውቅም።

አንድ ጋራዥ ወስጄ በኮምፒውተር ሲመረመር የኋላውን ኮፕሊንግ (ለኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚያስተላልፈውን ክፍል) ሶሌኖይድ፣ ማለትም በውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅል (ኮይል)፣ መስመር የሚመለከት የብልሽት ኮድ ወጣ። ኮዱን አጥፍተው ሰጡኝ፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። አሁን «ሶሌኖይዱ ተቃጥሏል፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ኮፕሊንግ ግዛ» ተብያለሁ። ወጪው ለእኔ ከባድ ስለሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት ጥፋቱ የኮፕሊንጉ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፣ ከቡራዩ (የመኪና ኤሌክትሪሻን)

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አይግዙ። የተቃጠለ ኮይል ፀሐይ ስለወጣ አይድንም፤ ዝናብን ተከትሎ የሚመጣና ሲደርቅ የሚጠፋ ብልሽት ከሁሉ በፊት ሶኬትንና ሽቦን እንድንጠረጥር ያስገድደናል።

በዚህች መኪና የፊት ጎማዎች ሁልጊዜ ይጎትታሉ፤ የኋላዎቹ ጉልበት የሚያገኙት ከኋላ ዲፈረንሻል ፊት ለፊት በተቀመጠው ኮፕሊንግ በኩል ነው። በውስጡ ላለው ኮይል ከመኪናዋ ኮምፒውተር በሚላክለት ኤሌክትሪክ መጠን ኮፕሊንጉ ይጨብጣል ወይም ይለቃል። ኮምፒውተሩ የላከው ኤሌክትሪክ እንደሚጠበቀው ሳይመለስለት ሲቀር ያንን ኮድ ይመዘግብና የኋላውን ይለቀዋል። ስለዚህ ኮዱ የሚናገረው ስለ መላው መስመር ነው፦ ኮይሉ፣ ሁለቱ ሽቦዎች፣ በመካከል ያሉት ሶኬቶች፣ ኮምፒውተሩም ጭምር። ኮዱን ሳይመዘግቡና በምን ሁኔታ እንደተፈጠረ የተቀመጠውን መረጃ ሳያዩ ማጥፋትም ማስረጃን እንደማጥፋት ነው፤ ይህ ልማድ በጣም ያሳዝነኛል።

መብራቱ በበራበት ጠዋት፣ ሶኬቱ ሳይደርቅ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ከዚያ የኮፕሊንጉ ሶኬት ተነቅሎ ውስጡ እርጥበት ወይም አረንጓዴ ዝገት እንዳለው ይታይ። በኮፕሊንጉ በኩል ያሉት ሁለት ፒኖች በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለኩ ጥቂት ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ብቻ ማሳየት አለባቸው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አስቀድመው አነካክተው የሚያሳየውን ቁጥር መቀነስ አይርሱ፤ በእንዲህ ያለ ትንሽ ልኬት ላይ የራሱ የቴስተሩ ገመድ ያሳስታል። ከሁለቱ ፒኖች አንዱም ከመኪናው ብረት ጋር መገናኘት የለበትም። እነዚህ ልኬቶች ደህና ከሆኑ ኮይሉን ይተዉትና ሽቦውን ይከተሉ።

መልስ፣ ከለገጣፎ

ከላይ በተሰጠው ምክር ላይ ጎማን ልጨምር። አራቱም ጎማዎች በመጠንና በማለቅ ደረጃ እኩል ካልሆኑ ኮፕሊንጉ ያለ ዕረፍት እየተንሸራተተ ይግላል፤ እኔ ሁለት አዲስ ጎማ ከኋላ ብቻ አስገብቼ ያየሁት ነው። ሆኖም የእኔ መብራት ይመጣ የነበረው ረጅም መንገድ ከሄድኩ በኋላ እንጂ ጠዋት አልነበረም፤ የእርስዎ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ደግሞም ሎኩ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱ በራሱ እንደሚለቅ ያስታውሱ፤ ያ ብልሽት አይደለም።

መልስ፣ ከሰበታ

የቡራዩው ወንድማችን የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብ። ሽቦውን በኦም ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም። በውስጡ ካሉት ቀጫጭን ክሮች አንዱ ብቻ ያልተበጠሰ ሽቦም በቴስተር ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፤ ምክንያቱም ቴስተሩ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው። ሽቦው በርከት ያለ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ሊፈተን ይገባል። በሁለቱም ጫፍ ሶኬቶቹን ነቅለው፣ በተለይም ከኮምፒውተሩ መነቀሉን አረጋግጠው፣ ፊውዝ ባለው ገመድ ከባትሪ ኤሌክትሪክ በአንዱ ሽቦ ይላኩና በሌላኛው ጫፍ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ያብሩ። አምፖሉ 1.75 አምፔር ያህል ይስባል። ደመቅ ብሎ ከበራ ሽቦው ደህና ነው፤ ከደበዘዘ በሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ከጠፋ ችግሩ እዚያ ነው። አምፖሉ በርቶ ሳለ ረዳትዎ ሽቦውን ከታች እያነቃነቁ ይፈትሹ።

መኪናው ሲሠራ የኮይሉን ቮልት በተራ ቴስተር መለካትም አያስተማምንም። ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪኩን የሚልከው በፍጥነት እያቆራረጠ ስለሆነ የሚታየው ቁጥር አማካይ ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ ደግሞ፦ ሁለቱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሥታችሁ ሞተር አስነሥታችሁ ማርሽ እንዳታስገቡ፤ ኮፕሊንጉ በድንገት ከጨበጠ መኪናው ከክሪኩ ላይ ይዘላል።

ጠያቂው፣ ከሱሉልታ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ዕለት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ በኋላ፣ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሻን ቤቴ ድረስ መጥቶ ባላችሁት ቅደም ተከተል ፈተሸ። የኮፕሊንጉ ሶኬት ደረቅ ነበር፤ ልኬቱም ጥቂት ኦም ሆኖ ከብረት ጋር የተነካካ ፒን አልተገኘም። በአምፖሉ ፈተና አንዱ ሽቦ ደምቆ አበራ፤ ሁለተኛው ግን ቀላ ከማለት አላለፈም፤ አራት ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ሽቦውን ስንከተል ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከመኪናው ሆድ በታች፣ ድሮ ተቆርጦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቦታ አገኘን። ፕላስተሩ ሲፈታ ውኃ ጠብ አለ፤ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት የተሠራ ይመስላል። አሁን እንዴት ቢጠገን ይበጃል? እስከዚያስ ብነዳት ይጎዳታል?

መልስ፣ ከቡራዩ

እንኳን ደስ ያለዎ። መንዳቱ አይጎዳትም፤ በፊት ጎማ ብቻ እንደሚሄድ መኪና ይቁጠሯትና ጭቃ የበዛበትን ቁልቁለት ይተዉት። ጥገናውን በተመለከተ፣ መዳቡ ብሩህ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይቆረጥ፤ ውኃ በክሮቹ መካከል እየተሳበ ብዙ ስለሚጓዝ አንድ ጣት ያህል መቁረጥ ላይበቃ ይችላል። በዚያው ውፍረት ያለው ቁራጭ ሽቦ ገብቶ ይበየድ፣ ውስጡ ሙጫ ባለውና በሙቀት በሚሸበሸብ ላስቲክ ይሸፈን፣ ከዚያም መገጣጠሚያው ከመኪናው ሆድ ጋር እንዳይፋተግ ተደርጎ ይታሰር። ፕላስተር በዚያ ቦታ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሲጨርሱ የአምፖሉን ፈተና ይድገሙ፤ ኮዱ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ላቫጆ ሲያስገቧት ደግሞ ከሆዷ በታች በኃይል የሚረጨው ውኃ በሶኬቶቹ ላይ እንዳያርፍ ይንገሯቸው።

ጠያቂው፣ ከሱሉልታ

እንዳሉኝ ተሠራ፤ እስከ አንድ ክንድ የሚጠጋ ሽቦ ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አራት ሌሊት ዘንቧል፤ መብራቱ አልበራም፣ ሎኩም ይቀበላል።