ቫይታሚን ዲ 10 ማይክሮግራም፦ 200% ነው ወይስ 50%? ባነር ሊታተም ነው!

የጂሟ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ! ፒያሳ ያለው ማተሚያ ቤት እስከ 10 ሰዓት ካልላክሽ ለሰኞ ይሻገራል ብሎኛል። «ጤናማ ሰው በቀን የሚያስፈልገው» የሚል ሰንጠረዥ ነው። ሁለት ብልቃጥ ላይ ቫይታሚን ዲ 10 ማይክሮግራም ይላል፤ አንዱ 200%፣ ሌላው 50%። የቱ ነው የተሳሳተው?

ሽሮ ፈሰስ፦ አማካዩን 125% ብለሽ አሳትሚና ተገላገዪ።

ዶክ አይደለሁም፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። የምን ፐርሰንት እንደሆነ ነው ጥያቄው። ከፐርሰንቱ አናት ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ተመልከቺ፦ «ኤንአርቪ» ካለ የአውሮፓ ነው፣ ለዲ መነሻው (100% ተብሎ የሚቆጠረው) 5 ማይክሮግራም። «ዴይሊ ቫልዩ» ካለ የአሜሪካ ነው፣ መነሻው 20። አይረንም እንደዚሁ ነው፤ 14 ሚሊግራም በአውሮፓው 100%፣ በአሜሪካው 78%። ሁለቱም ለማሸጊያ ጽሑፍ የወጡ ናቸው እንጂ ዕድሜና ጾታ አይለዩም። ስለዚህ ፐርሰንቱን አውጪና በማይክሮግራም ጻፊ። በአሜሪካኖቹ ምክር እስከ 70 ዓመት ላለ አዋቂ ዲ 15 ማይክሮግራም ነው። ብልቃጡ ዲን በአይዩ (IU በሚባለው ሌላ የቫይታሚን መለኪያ) ከጻፈ ለ40 አካፍዪ፤ 600 አይዩ ማለት 15 ነው።

ቀጭኑ፦ ፐርሰንቱን አውጪና በማይክሮግራም ጻፊ።

ሽሮ ፈሰስ፦ ተብሏል እኮ ወንድሜ።

አራት ኪሎ፦ ከፐርሰንቱ በፊት ርዕሱ ራሱ ልክ አይደለም። የሚመከረው ቁጥር ከጤናማ ሰዎች 97 እስከ 98 በመቶ ለሚሆኑት እንዲበቃ ተብሎ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ ነው፤ የብዙው ሰው ፍላጎት ከዚያ በታች ነው። «የሚያስፈልገው» ካልሽ፣ ከዲ 12 ማይክሮግራም ያገኘው ሁሉ እጥረት አለብኝ ብሎ ኪኒን ሊገዛ ይሮጣል። «በቀን እንዲገኝ የሚመከር» በዪው። አንድ ቀን ቢጎድልም ችግር የለውም፣ የሚታየው የሰነበተው አማካይ ነው።

የጂሟ ልጅ፦ እሺ ርዕሱን ቀየርኩ። አይረን ላይ ለሁሉም 18 ሚሊግራም ብያለሁ፣ ይሁን?

ዶክ አይደለሁም፦ ኧረ አይሆንም! 18 ከ19 እስከ 50 ዓመት ላለች ሴት ነው፣ በወር አበባ የሚወጣው ታስቦ። ወንድ 8፣ ነፍሰ ጡር 27። ዓምዱን ለሁለት ክፈዪው። አዋቂ በቀን ሊያልፈው የማይገባውን ጣሪያም ጨምሪበት፣ 45 ሚሊግራም፤ ጂም የሚመጣ ሰው ሦስት ዓይነት ማሟያ ደራርቦ ይውጣል።

ቡናዬ፦ ምግብ እንደተበላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ የእህልና የጥራጥሬውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። አንድ ሰዓት ይራቅ ብለሽ ከታች ጻፊ። ለጿሚ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12፣ 2.4 ማይክሮግራም የሚል መስመር ይግባ፤ ሽሮና ምስር ውስጥ የለም።

ሽሮ ፈሰስ፦ ስሜን አታጥፉ!

ቀጭኑ፦ 9፡40 ሆነ እኮ፣ ላክሽው?