«የተለየ አካል ነው»፦ ኒውካስልን የያዘው ማን ነው?

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ትናንት ስለ እንግሊዙ የእግር ኳስ ክለብ ኒውካስል ሲወራ «ባለቤቱ ፒአይኤፍ (የሳዑዲው የኢንቨስትመንት ፈንድ) ከሳዑዲ መንግሥት የተለየ አካል ነው፤ ፕሪሚየር ሊጉ አጣርቶ አጽድቆታል፤ አለቀ» ተብሎ ተጻፈ። ይህ ሳይጠየቅ ማለፍ የለበትም። የፈንዱ ቦርድ ሊቀመንበር አልጋ ወራሹ መሐመድ ቢን ሳልማን ነው። ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፈንዱ ከገንዘብ ሚኒስቴር ወጥቶ ተጠሪነቱ ልዑሉ ራሱ ለሚመራው የኢኮኖሚና የልማት ምክር ቤት ሆኗል። ቦርዱ ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ሚኒስትሮች ናቸው። የፈንዱ ገዥ ያሲር አል ሩማያን ደግሞ የኒውካስል ሊቀመንበር ነው። ታዲያ የተለየው ከማን ነው?

ማግፓይ መርካቶ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ከቃሌ አልወጣም። ኦክቶበር 7 ቀን 2021 ግዥው ሲጠናቀቅ 80 በመቶውን ፒአይኤፍ፣ 10 በመቶውን የአማንዳ ስቴቭሊ ኩባንያ፣ ቀሪውን 10 የሩበን ወንድማማቾች ድርጅት ነው የያዙት። ሊጉ የፈቀደው የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ የሚያስገድድ ማረጋገጫ ተቀብሎ ነው። በቀድሞው ባለቤት በማይክ አሽሊ 14 ዓመት ሁለት ጊዜ ወርደን ስንዋረድ ስለ እኛ ባለቤት ማንም አልጠየቀም። አሁን ሁሉም ጠያቂ ሆነ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ማረጋገጫው እንዴት እንደመጣ ግን ዘለልከው። የግዥው ጥያቄ መጀመሪያ የቀረበው በኤፕሪል 2020 ነው። ሊጉ ያኔ የያዘው አቋም፣ መንግሥቱ ራሱ እንደ ዳይሬክተር ተቆጥሮ በባለቤቶችና ዳይሬክተሮች ፈተና ማለፍ አለበት የሚል ነበር። በደንቡ ዳይሬክተር የሚባለው ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረው ብቻ አይደለም፤ ከጀርባ ሆኖ የሚያዘውም ይገባበታል። ገዢዎቹ አልተቀበሉም። ሊጉ በገለልተኛ የግልግል ዳኝነት ይታይ ቢል ጁላይ 30 ጥለው ወጡ። በዚያ ላይ የቢኢን ጉዳይ ነበረ። የሊጉን ስርጭት የገዛው የኳታር ጣቢያ ሳዑዲ ውስጥ ታግዶ፣ ቢአውትኪው የሚባለው ጨዋታውን እየሰረቀ ያሳይ ነበር። በኦክቶበር 2021 እገዳው ሊነሳ መሆኑ በተሰማ ማግስት ግዥው ጸደቀ። የፈንዱ ሊቀመንበር ያው አልጋ ወራሽ ነው። የተፈታው የቴሌቪዥኑ ጠብ ነው።

ቀይ መድፍ፦
የጎልፉንም ክስ ጨምርበት። በ2023 መጀመሪያ በፈንዱ ገንዘብ የተቋቋመው ሊቭ ጎልፍና የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር ፒጂኤ ቱር ካሊፎርኒያ ላይ ሲካሰሱ ፒአይኤፍና ሩማያን ሰነድና ምስክርነት ስጡ ተባሉ። የፈንዱ ጠበቆች ያቀረቡት መከላከያ ፒአይኤፍ የሳዑዲ መንግሥት «ሉዓላዊ መሣሪያ» ነው፣ ሩማያንም በሥራ ላይ ያለ ሚኒስትር ነው የሚል ነው። ለንደን ላይ የተለየ አካል፣ ካሊፎርኒያ ላይ መንግሥት። አንዱ ውሸት ነው፤ የቱ እንደሆነ ማግፓይ ይንገረን።

ማግፓይ መርካቶ፦
አንዱም ውሸት አይደለም፤ ሕጉን አላነበባችሁትም። በአሜሪካው የ1976 የባዕድ መንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ የመንግሥት «መሣሪያ» ማለት ራሱን የቻለ የሕግ ሰውነት ያለው አካል ማለት ነው። ትርጉሙ ላይ ቃል በቃል ተጽፏል። ስለዚህ የፈንዱ ጠበቆች «መሣሪያ ነን» ሲሉ በዚያው አፋቸው «የተለየን አካል ነን» እያሉ ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ጥሩ ነጥብ አመጣህ፤ ግን የሚጎዳው አንተን ነው። የሊጉ ደንብ የሚጠይቀው የሕግ ሰውነትን አይደለም፤ ቁጥጥርን ነው። ማንኛውም አክሲዮን ማኅበር ከባለቤቱ የተለየ የሕግ ሰውነት አለው፤ ያም ሆኖ ባለቤቱ ይቆጣጠረዋል። ቁጥጥርን የሚያጣራ ሰው የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፦ ቦርዱን ማን ይሾማል? ማን ይሽራል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ትልቁን ውሳኔ ማን ይፈርማል? እዚህ አራቱም ሪያድ ይደርሳሉ። «የተለየ አካል» የሚለው ቃል ከአራቱ አንዱንም አይመልስም።

የጅዳዋ፦
አካል፣ ሰውነት፣ መሣሪያ ትላላችሁ፤ የእኛ ሰዎች አካል የት ነው ያለው? ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 በኛ አቆጣጠር ያወጣውን ሪፖርት ሁላችሁም አንብባችኋል። ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያና በቅርብ በተተኮሰ ጥይት ገደሉ፤ ሟቾቹ ቢያንስ በመቶዎች ይቆጠራሉ ይላል። የሳዑዲ መንግሥት መሠረተ ቢስ ነው ብሎ ክዷል። በዚያው ጊዜ የኒውካስል ሦስተኛ ማልያ አረንጓዴና ነጭ ነበር። መርካቶ ተሰቅሎ ሲሸጥ የገዛው ማን ነው? የእነዚያው ልጆች ወንድም ነው።

ማግፓይ መርካቶ፦
እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው፤ በዚህ አንለያይም። ግን ድንበር ጠባቂው የሚታዘዘው ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው እንጂ ለፒአይኤፍ አይደለም። የሟቹን ደም ማልያ ላይ መለጠፍ ፍትሕ አይሆንም።

የጅዳዋ፦
እሺ፣ የፈንዱን የራሱን ንብረት ልንገርህ። የሳዑዲው ጋዜጠኛ ጀማል ካሾግጂ ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ኢስታንቡል ቆንስላ ውስጥ ሲገደል ገዳዮቹን ያመላለሱት ሁለት ጄቶች የስካይ ፕራይም ኩባንያ ነበሩ። ኩባንያው በ2017 መጨረሻ ወደ ፒአይኤፍ እንደተዛወረ ካናዳ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰነድ ያሳያል። ሰነዱን ያቀረቡት ተቃዋሚዎች አይደሉም፤ ሌላ ሰው ለመክሰስ ራሳቸው የሳዑዲ ኩባንያዎች ናቸው። የተለየው አካልህ አውሮፕላን እዚያ አለ።

ሰማያዊ 4 ኪሎ፦
ማርች 13 ቀን 2022ን ማንም እንዳይረሳ። ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ቼልሲ ከኒውካስል። ከሦስት ቀን በፊት የእኛ የቼልሲ ባለቤት፣ ሩሲያዊው አብራሞቪች ማዕቀብ ተጥሎበት አዲስ ትኬት መሸጥ ተከልክለናል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ለአንድ የሜዳ ውጪ ጉዞ ከ20,000 ፓውንድ በላይ ማውጣት አንችልም። በዋዜማው ሳዑዲ በአንድ ቀን 81 ሰው በሞት ቀጥታለች። የኒውካስል አሠልጣኝ ኤዲ ሃው ሲጠየቅ ስለ ጨዋታው ብቻ ነው የምመልሰው አለ። አንዱ ክለብ ታሰረ፣ ሌላው አልተነካም። ይህ ሥነ ምግባር ሳይሆን የእንግሊዝ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ነው።

ቀይ መድፍ፦
ቼልሲ ደግሞ ተበዳይ ሆኖ ቀረበ? 19 ዓመት ሙሉ በዚያ ገንዘብ ዋንጫ ስትሰበስቡ የት ነበራችሁ? ክለቡ የተሸጠበት 2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ለዩክሬን ተጎጂዎች ይሄዳል ተብሎ ለዓመታት ባንክ ውስጥ ታግዶ ቆመ።

ሰማያዊ 4 ኪሎ፦
የገንዘቡ መቆም የክለቡ ጥፋት ነው ያለው ማን ነው? እንዲያውም ከ2018 ጀምሮ እጅጌው ላይ «ሩዋንዳን ጎብኙ» ለብሶ የተጫወተ ክለብ፣ የአርሰናል ደጋፊ ነህ። ስታዲየምህም በዱባይ አየር መንገድ ስም ነው የሚጠራው። በምሥራቅ ኮንጎ ስለሚያልቀው ሕዝብ አንድ ቃል ጽፈህ ታውቃለህ?

ቀይ መድፍ፦
የእጅጌው ነገር ስህተት ነው፤ ያለ አንዳች ማመካኛ ስህተት ነው። ግን ስፖንሰርና ባለቤት አንድ አይደሉም። የስፖንሰር ውል ጊዜው ሲያልቅ ይቀደዳል፤ ባለቤትን ደጋፊ አያባርርም። ጀርመን ውስጥ 50+1 የሚባለው ደንብ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። አብላጫው ድምፅ የአባላት ነው፤ ሌቨርኩሰንና ቮልፍስቡርግን የመሰሉ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ብቻ ይወጣሉ። በ2024 መጀመሪያ ደጋፊው ሜዳ ላይ የቴኒስ ኳስ እየወረወረ የሊጉን የባለሀብት ድርድር አስቁሟል። እንግሊዝ ደጋፊ ማልያ ይገዛል እንጂ ድምፅ የለውም።

ማግፓይ መርካቶ፦
ሁላችሁም የማታነሱት አንድ ነገር አለ። ሊጉ በማርች 2023 ደንቡን አሻሽሎ የሰብአዊ መብት ጥሰትን ከሚያሰናክሉ ምክንያቶች መካከል አስገብቷል። በፈተናው እንደ ተቆጣጣሪ የሚያስቆጥረውንም የባለቤትነት ድርሻ ከ30 በመቶ ወደ 25 አውርዷል። ፒአይኤፍ በዚህም ደንብ አልተሰናከለም።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ያልተሰናከለው ፈተናው ስለማይነካው ነው። አዲሱ አንቀጽ የተንጠለጠለው በእንግሊዝ የ2020 የሰብአዊ መብት ማዕቀብ ደንብ ላይ ነው። ደንቡ የሚያያቸው መብቶች ሦስት ናቸው፦ በሕይወት መኖር፣ ከማሰቃየት ነፃ መሆን፣ ከባርነትና ከግዳጅ ሥራ ነፃ መሆን። ወረቀቱ ላይ ያማረ ነው። ችግሩ መዝገቡን የሚጽፈው ያው የእንግሊዝ መንግሥት መሆኑ ነው። በጁላይ 2020 በካሾግጂ ግድያ 20 ሳዑዲዎች ተመዘገቡ። በፌብሩዋሪ 2021 የአሜሪካ የስለላ ተቋም ዘመቻውን አጽድቋል ብሎ በይፋ የጠቀሰው ልዑል ግን ከ20ዎቹ አንዱ አይደለም። አውሮፕላን ለመሸጥ ሪያድ የሚመላለስ መንግሥት ስሙን እስኪጽፍ ከጠበቅን ፈተናው ለዘላለም ባዶ ነው።

የጅዳዋ፦
«ከግዳጅ ሥራ ነፃ መሆን» አልክ። በማርች 2021 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የሥራ ማሻሻያ አሠሪ ሳይፈቅድ ሥራ መቀየርን ለአንዳንዱ ፈቀደ። የቤት ሠራተኛዋን፣ የእርሻ ሠራተኛውንና የቤት ሾፌሩን ግን አልጨመረም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሚሠሩት የት ነው? ፈተናው በእውነት ቢሆን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ፓስፖርታቸው በማን እጅ እንዳለ ነው።

ሰማያዊ 4 ኪሎ፦
እንግዲህ ምን ይደረግ ነው ጥያቄው። የመብት ድርጅቱ አምነስቲ ደጋግሞ ለሊጉ ጽፏል።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
መጀመሪያ ማረጋገጫው ይታተም። ምን ቃል እንደተገባ ሳይታወቅ ተጣሰ አልተጣሰም ብሎ መከራከር አይቻልም። የሊጉ ሥራ አስፈፃሚ ሪቻርድ ማስተርስ በ2021 መንግሥት ጣልቃ መግባቱ ከተረጋገጠ ባለቤቶቹን ማስወጣት እንችላለን አለ። የጎልፉ ሰነድ ከወጣ በኋላ ፓርላማ ቀርቦ ሲጠየቅ ግን ምርመራ ስለመኖር አለመኖሩ እንኳ አልናገርም አለ። ሁለተኛ፣ መስፈርቱ በ2011 የተባበሩት መንግሥታት የተቀበለው የንግድና የሰብአዊ መብት መመሪያ ይሁን፤ የማዕቀብ መዝገብ መነሻ እንጂ መድረሻ አይሁን። ሦስተኛ፣ አጣሪው ከ20ዎቹ ክለቦች ውጪ ይሁን። የሊጉ ባለአክሲዮኖች ክለቦቹ ራሳቸው ናቸው፤ እርስ በርስ ይፈራራሉ፣ ይነጋገዳሉ። በኖቬምበር 2023 ባለቤታቸው ተመሳሳይ ከሆነ ሌሎች ክለቦች በውሰት ተጫዋች መውሰድ ለጊዜው ይታገድ ተብሎ 13 ለ7 ወደቀ፤ 14 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ፒአይኤፍ በዚያው ዓመት የሳዑዲዎቹን ክለቦች አል ሂላልን፣ አል ናስርን፣ አል ኢቲሃድንና አል አህሊን 75 በመቶ ይዟል።

ቀይ መድፍ፦
ገለልተኛው የእንግሊዝ እግር ኳስ ተቆጣጣሪ በ2025 በሕግ ተቋቁሟል እኮ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ተቋቁሟል፤ ዋናው ሥራው ግን ክለብ እንዳይከስር መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ባለቤት ሲጸድቅ የመንግሥት የውጭና የንግድ ፖሊሲ ከግምት ይግባ ይል ነበር። ያ አንቀጽ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። በቦታው ግን ሰብአዊ መብት የሚል ቃል አልገባም።

ማግፓይ መርካቶ፦
ማርች 16 ቀን 2025 ዌምብሌይ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ1 አሸንፈን ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ዋንጫ አነሳን። ሰባ ዓመት። ያ ደስታ የተጫዋቻችን የዳን በርንና የከተማው ሕዝብ ነው። እሱን የልዑል ንብረት አታድርጉት።

የጅዳዋ፦
ደስታውን ማንም አልነካብህም። የማልያው ስፖንሰር ሴላ የማን ነው?

ማግፓይ መርካቶ፦
የፒአይኤፍ ነው። ዋጋው ግን በገበያ ልክ መሆኑ በሊጉ ተመርምሯል።

የጅዳዋ፦
የገንዘቡ ልክ ተመርምሯል። ያንን ማረጋገጫ ካየኸው እዚህ ለጥፍልን።

ማግፓይ መርካቶ፦
አልታተመም። ያልታተመ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
«የተለየ አካል ነው» ያልከው እንግዲህ ባላየኸው ወረቀት ተማምነህ ነው?