ግሪስ ቀዩ በረሃ ላይ ይቆራረጣል፦ ራም ልጨምር ወይስ ኤስኤስዲ?

ሰላም፣ ከደሴ ነው። ግሪስ የተባለውን ጌም (እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን፣ በውሃ ቀለም የተሳለ የሚመስለውን) የምጫወተው በላፕቶፕ ነው፦ ኮር አይ5 ሦስተኛ ትውልድ፣ ኤችዲ 4000 ግራፊክስ፣ አንድ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ)፣ ተራ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10።

መጀመሪያው ግራጫ ክፍል ላይ በሰከንድ 24 ፍሬም ይሰጣል፣ ይበቃል። ቀዩ በረሃ ላይ የአሸዋው ነፋስ ሲነሳ ግን ወደ 12 ይወርድና አንዳንዴ 2 ሰከንድ ያህል ቀጥ ይላል። ጌሙ ሞት የለውም፤ ነገር ግን የምንጫወትባትን ልጅ ቀሚስ ከባድ የሚያደርገው ቁልፍ ዘግይቶ ስለሚሠራ ነፋሱ ወደ ኋላ ይመልሳታል።

የሞከርኩት፦ ስክሪኑን ከ1366 በ768 ወደ 1024 በ576 አወረድኩ። ጸጥ ያሉት ቦታዎች 38 ደረሱ፣ ነፋሱ ላይ ግን ያው 12። የግራፊክሱ ድራይቨር የመጨረሻው ነው። ቻርጀር ላይም ባትሪ ላይም ለውጥ የለም። ሙቀቱ 68 ዲግሪ ነው፤ በደሴ ብርድ ከዚህም አያልፍም። ብሮውዘሩን ዘግቼ እንኳ ራሙ ከ3.8 ጊጋ 3.6ቱ ተይዟል፣ ቀጥ በሚልበት ቅጽበትም ዲስኩ 100 ፐርሰንት ይመታል።

ሁለተኛው የራም ማስገቢያ ባዶ ነው። 4 ጊጋ ብጨምር ግራፊክሱ ራሙን በሁለት ቻናል (በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ) ስለሚያነብ እሱም ይፈጥናል ብዬ አስባለሁ። ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ደግሞ ራም ሞልቶ ወደ ዲስክ ሲገለበጥ መቆሙን ያሳጥረዋል እንጂ ምክንያቱን አያነሳውም። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው።

ኤችዲ 4000 ላይ ይህን የሞከራችሁ፣ ነፋሱ ላይ ያለውን መቆራረጥ ያስቀረላችሁ የትኛው ነው?