ኤዮዊን ሰይፏን ለምን ሰቀለች?

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይ የተጀመረው ክርክር እዚህ ይቀጥል። አስተናጋጁ ሁለተኛ እንዳታመጡብኝ ብሏል። ላልነበራችሁ ባጭሩ። ኤዮዊን በቶልኪን «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ውስጥ የሮሃን ንጉሥ የቴዎደን የእህት ልጅ ናት። ወንዶቹ ለዘመቻ ሲነሡ አንቺ ቅሪ፣ ሕዝቡን አስተዳድሪ ትባላለች። እሷ ግን የወንድ ጥሩር ለብሳ፣ ስሟን ደርንሄልም ብላ ትዘምታለች። ወንድ አይጥለውም የተባለውን የናዝጉሎች፣ ማለትም የጨለማው ጌታ አገልጋዮች፣ አለቃ ገድላ ትወድቃለች። ስታገግም ከፋራሚር ጋር ትፋቀርና ከእንግዲህ ተዋጊ መሆን ይቅርብኝ፣ ፈዋሽ እሆናለሁ ትላለች። ጥያቄው ይኸው ነው፦ ደራሲው ጀግናዋን ጓዳ መለሳት ወይስ አልመለሳትም? ስድብ የለም። ረጅም የድምፅ መልእክትም የለም፤ ራሱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የእሪ በከንቱዋ፦ መለሳት እንጂ! ያ ሁሉ ገጽ ባለው መጽሐፍ ሰይፍ ይዛ ጦር ሜዳ ላይ የምናያት ሴት እሷ ብቻ ናት። እሷንም በስተመጨረሻ ዳራት። የሚያናድደኝ ደራሲው በደሏን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አሳምሮ ያውቃል። ታማ በተኛችበት ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ለወንድሟ ለኤዮሜር የሚለውን አስታውሱ። አንተ ፈረስ ነበረህ፣ የምትዋጋበት ሜዳ ነበረህ፤ እሷ ከአንተ የማያንስ ልብ ይዛ የደከመ ሽማግሌ ስታስታምም ኖረች ነው የሚለው። ይህን የጻፈ ሰው መልሱ ባል ይሆናል? ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚባለው እኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሰባራ ባቡር፦ አቦ ተረጋጊ። ሰይፍ የሰቀለችው እሷ ብቻ ናት እንዴ? ፋራሚርም የጦር አዛዥ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እሱም የሚያስበው ኢቲሊየን የሚባል አገር ሄዶ የተጎዳውን ምድር አትክልት ስለማድረግ ነው። ዋናው ባለታሪክ ፍሮዶ አገሩ ተመልሶ መንደሩን ከወንበዴ ሲያስለቅቁ እንኳ ሰይፍ አልመዘዘም። ጓደኛው ሳም ዛፍ ሲተክል ከረመ። ቶልኪን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ ተዋግቶ፣ በምሽግ ትኩሳት ታሞ የተመለሰ መኮንን ነው። የልብ ጓደኞቹን በዚያ ጦርነት አጥቷል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው «ሰይፍሽን አትልቀቂ» የሚል መጨረሻ አትጠብቂ።

የእሪ በከንቱዋ፦ አራጎርንስ? ኤዮሜርስ? ሁለቱም ነገሡ። ከነገሡም በኋላ አብረው ዘምተዋል። እነሱን ማን አትክልት ትከሉ አላቸው?

የዶሮ ማነቂያው፦ እኔ መጽሐፉን አላነበብኩም፣ ሙድ አትያዙብኝ። ፊልሙን ግን ከስንት ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ፣ 11 ኦስካር የበላው። እዚያ ላይ ትገድለዋለች፣ አጎቷ እጇ ላይ ይሞታል፣ አበቃ። ሲኒማ በታየው ቅጂ የሆስፒታሉ ፍቅር የለም። ስለዚህ የምን ጓዳ እንደምታወሩ አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ልናገር። አብሯት የዘመተው ሆቢት (ድንክዬው ሰው) ሜሪ ከኋላ ጉልበቱን ባይወጋው ኖሮ አትችለውም ነበር። ግማሹ ክብር የሜሪ ነው።

የእሪ በከንቱዋ፦ ወንዶች ተረዳድተው ሲገድሉ ጓድነት ይባላል። ሴት አጋዥ ካገኘች ክብሩ ለሁለት ይቆረሳል። ጎሽ።

ሰባራ ባቡር፦ እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። ደግሞ ወንድሜ፣ ሜሪ ከመድረሱ በፊት የሆነውን ተመልከት። የሚጋልበውን አውሬ አንገቱን የቀላችው ብቻዋን ናት። አለቅየው በብረት ዱላ ጋሻዋን ሲያደቀው የግራ ክንዷ አብሮ ተሰብሯል። በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር። የተረፈ ኃይሏን ሰብስባ ሰይፉን ፊት በሌለው ራስ ውስጥ የሰካችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰይፉም ተሰባበረ። የዛሬዎቹ የፊልም ጀግኖች መቶ ሰው ጥለው ፀጉራቸው አይበተንም። ኤዮዊንን የምወዳት ስለምትሰበር ነው።

የዶሮ ማነቂያው፦ ፀጉር ላይ ተስማምተናል።

ጋሼ ካዛንቺስ፦ ልጆች፣ ማንም ያላነሣውን ላንሣ። እኔ ወታደር ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ይህች ልጅ አደራ ተሰጥቷት ነበር። ሕዝብ ተረክባለች። ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም በእጇ ነበር። ጥላ ሄደች። አራጎርን መጽሐፉ ላይ በግልጽ ይነግራታል፦ በአንቺ ቦታ አንድ የጦር አለቃ ወንድ ቢሾም ኖሮ፣ ሰለቸኝ ብሎ ፈረስ ጭኖ መሄድ አይችልም ነበር ይላታል። እኔ ጓዳ መለሷት፣ አልመለሷትም የሚለው አያሳስበኝም። ሥፍራዋን ለቃለች ነው የምለው።

የእሪ በከንቱዋ፦ ጋሼ፣ መልሷን ለምን ተዉት? ሁልጊዜ የምመረጠው እኔ ነኝ ወይ ትለዋለች። ፈረሰኞቹ ዝና ሊያገኙ ሲሄዱ ቤት መጠበቅ፣ ሲመለሱ እህልና መኝታ ማዘጋጀት የኔ ዕጣ ነው ወይ ትላለች። አደራ አንድ ጊዜ ሲሆን አደራ ነው። ዕድሜ ልክ ሲሆን ሌላ ስም አለው። የምትፈራው ምን እንደሆነ ሲጠይቃት ሞትን አላለችም። ቀፎ ውስጥ እንደተዘጋበት ወፍ ሆኖ ማርጀትን ነው ያለችው።

ጋሼ ካዛንቺስ፦ ብሶቷ እውነት ነው። ልጄ፣ እውነት ያልሆነ ብሶት ይዞ የከዳ ወታደር ግን አይቼ አላውቅም።

ሰባራ ባቡር፦ ኧረ ጋሼ 😂

የአራት ኪሎዋ፦ ከአዳር ሥራ አሁን መውጣቴ ነው፣ ክርክሩን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። እኔ ነርስ ነኝ። ፈዋሽ መሆንን ጓዳ መግባት ያላችሁት ሁላችሁ፣ አንድ ሌሊት አብራችሁኝ እደሩ። ከመጽሐፉ ራሱ ልናገር። አራጎርን እውነተኛው ንጉሥ መሆኑ በምን ታወቀ? በሰይፍ ብቻ አይደለም። የንጉሥ እጅ የፈዋሽ እጅ ነው የሚል የቆየ አባባል አለ። ይህን የምታስታውሰው ደግሞ ሕሙማን ቤት የምትሠራ ወሬኛ አሮጊት ናት። አራጎርን ዘውድ ከመጫኑ በፊት ሕሙማኑ ዘንድ ገብቶ ቅጠል ቀጥቅጦ በፈላ ውኃ ዘፈዘፈ፤ ኤዮዊንም ከዳኑት አንዷ ናት። ስለዚህ ፈዋሽ እሆናለሁ ስትል የመረጠችው የንጉሥ ሥራ ነው።

ሌላም አለ። ጦር ሜዳው ላይ ወንድሟ ሬሳ መስላው አበደ። ሠራዊቱን ሞት ሞት እያስባለ ይዞ ሄደ። ወንዶቹ ሁሉ እያለቀሱ በቃሬዛ ተሸከሟት። አንድ ሰው ብቻ፣ ልዑል ኢምራሂል፣ ጎንበስ አለና ክንዱ ላይ ያሠረውን የተወለወለ ብረት ከንፈሯ ጋ አስጠጋው። ብረቱ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ታየ። ትተነፍሳለች። እኔን ያቺ ጉም ናት ያስለቀሰችኝ፣ ሰይፉ አይደለም። ሁሉም ጀግንነቷን ሲያለቅስ ትንፋሿን ያየ አንድ ሰው ነው።

የእሪ በከንቱዋ፦ ይህ ቆንጆ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን ንጉሡ ፈዋሽም ተዋጊም ሆነ። ሁለቱንም። እሷ ነች አንዱን ጥላ ሌላውን እንድታነሣ የተደረገችው። ደግሞ አጻጻፉን ተመልከቱ። ያ ሁሉ ምሬት በስንት ምዕራፍ ተገነባ። ከዚያ ከፋራሚር ጋር ቅጥሩ ላይ ቆማ፣ በአንድ አንቀጽ ልቧ ተለወጠ፣ ክረምቷ አለፈ፣ ፀሐይ ወጣላት። አንድ አንቀጽ! ሜሪ እንኳ ከዚያ የረዘመ ምሳ ይበላል።

ሰባራ ባቡር፦ እኔ ደግሞ የምለው ፍለጋዋ ከመጀመሪያውም ሕይወት አልነበረም። ሜሪ ያንን ወጣት ፈረሰኛ ሲያየው፣ ተስፋ የሌለው፣ ሞት የሚፈልግ ሰው ዓይን ነው ያየው። ሜሪም እኛም ደርንሄልም ማን እንደሆነ ሳናውቅ ማለት ነው። ፊልሙ ይህን አበላሽቶታል፤ ከመጀመሪያው እሷ መሆኗን ያሳየናል። ሞት ፈልጎ የሄደ ሰው መኖር ሲያምረው ሽንፈት የምትሉት ለምንድን ነው?

የዶሮ ማነቂያው፦ ለምን ሩቅ እንሄዳለን? እኛ ጣይቱ አሉን አይደል።

የእሪ በከንቱዋ፦ መጣች! በየክርክሩ ጣይቱን መጥራት የማንተወው ነገር ነው። እሺ፣ ከመጣች እንጠቀምባት። መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ የውኃ ምንጩ እንዲያዝ መላ ያመጡት እቴጌ ናቸው። ዓድዋም የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። አሁን ፒያሳ ውጡ። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ፈረስ ላይ ያሉት ምኒልክ ናቸው። ትንሽ ወረድ ስትሉ በጣይቱ ስም ያለው ሆቴል ነው። ለእሳቸው ፈረስ፣ ለእሷ እህልና መኝታ። ኤዮዊን የፈራችው ይህንኑ አልነበረም?

ጋሼ ካዛንቺስ፦ ሆቴሉን የከፈቱት እኮ ራሳቸው እቴጌ ናቸው። ለአገሩ አዲስ ሥራ ነበር። ማንም ጓዳ አልመለሳቸውም። የእንጦጦ ማርያምን ግብር ያሰናዱት፣ መቀሌ ላይ ምንጩን ያስያዙት አንድ ሴት ናቸው። ስንቅ የማያውቅ ጦር አይመራም።

የአራት ኪሎዋ፦ ወይዘሮ ከበደች ሥዩምንም ጨምሩ። ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በጣሊያን ከተገደሉ በኋላ አርበኛ መርተው ተዋግተዋል። እሳቸው የወንድ ስም አላስፈለጋቸውም።

የእሪ በከንቱዋ፦ የኔም ጥያቄ ከዚያ ነው የሚነሣው። ነፃነት ሲመለስ ሹመቱ በአብዛኛው ለማን ሆነ? ሰይፍ መስቀል አይደለም ችግሬ። ወንዱ ሲሰቅል ወንበር ይሰጠዋል፣ ሴቷ ስትሰቅል «ጎሽ፣ አሁን አማረብሽ» ትባላለች። ቶልኪን ኤዮዊንን ፈዋሽ ያድርጋት። ግን ሮሃን ውስጥ ከዚያ በኋላ አንዲት ልጅ ሰይፍ ልማር ብትል ምን እንደምትባል ንገሩኝ።

ሰባራ ባቡር፦ ያንን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። ለምን አንቺ አትጽፊውም? በአማርኛ። ፈረሱም ጋሻውም አለን።

የእሪ በከንቱዋ፦ እጽፋለሁ። መጨረሻው ላይ አትዳርም።

የዶሮ ማነቂያው፦ ፀጉሯ ይበተን በቃ።

ጋሼ ካዛንቺስ፦ እኔ ከሥፍራዬ አልነቃነቅም። እዚያው መጽሐፍ ላይ ቤረጎንድ የሚባል ዘበኛ አለ። ጌታውን ፋራሚርን ከእሳት ለማዳን ብሎ የጥበቃ ቦታውን ለቀቀ፣ የራሱን ወገኖችም ገደለ። ሕጉ ሞት ነበር። ንጉሡ ፊት ቀረበ። ከዘበኝነቱ ተሰናበተ፣ ከከተማዋም ተወገደ፤ የተወገደው ግን ፋራሚርን እንዲከተል፣ የዘበኞቹ አለቃ ተደርጎ ነው። ቅጣትም ምሕረትም አገኘ። ኤዮዊንን ግን ማንም አልጠየቃት። ለምን? ሴት ስለሆነች ጥፋቷ አልተቆጠረም። አንቺ እኩልነት ከፈለግሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ፍርድ ፊት አቅርቢያት።

የእሪ በከንቱዋ፦ ጋሼ!! ይሄ እኮ ከሁላችንም የባሰ የሴት መብት ክርክር ነው። እሺ ትቅረብ። ግን ሜሪም አብሯት ይቅረብ። እሱንም ንጉሥ ቴዎደን «አንተ እዚህ ቅር» ብሎት ነበር፣ በእሷ ፈረስ ላይ ካባዋ ሥር ተደብቆ ነው የሄደው። እሱን ማን ከዳ ብሎት ያውቃል?

ጋሼ ካዛንቺስ፦ ሁለቱም ይቅረቡ። እኔ ሁለቱንም ቀጥቼ ሁለቱንም እሾማለሁ።

አስተባባሪ፦ ችሎቱ ቅዳሜ 9 ሰዓት። ሌላ ካፌ ፈልጉ።