12 ታብሌት ለ68 ተማሪ፦ ለአማርኛ ንባብ እንዴት ልጠቀምባቸው?

ጥያቄ
ከ3ኛ ክፍል መምህርት፣ አዳማ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። በአዳማ ከተማ በአንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በክፍሌ 68 ተማሪዎች አሉ። ትምህርት ቤታችን ባለፈው ዓመት 12 ታብሌትና አንድ ፕሮጀክተር በስጦታ ያገኘ ሲሆን፣ ዕቃዎቹ እንዳይሰበሩና እንዳይጠፉ በመስጋት እስከ ዘንድሮ ጥር ድረስ በግምጃ ቤት ተቆልፎባቸው ቆዩ። አሁን ርዕሰ መምህሩ በእኔ ኃላፊነት እንድገለገልባቸው ፈቅደውልኛል።

በታብሌቶቹ ውስጥ የተጫኑት የእንግሊዝኛ መዝሙሮችና የፊደል ጨዋታዎች ናቸው። ለየቡድኑ አንድ አንድ እያደልሁ ለሦስት ሳምንት ሞከርሁ። አምስትና ስድስት ልጆች አንድ ታብሌት ሲከብቡ፣ ታብሌቱን የሚይዘው ቀድሞም ማንበብ የሚችለው ልጅ ነው፤ ሌሎቹ በትከሻው ላይ አሻግረው ያያሉ። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ነገር ግን ከመጽሐፋቸው አጭር ምንባብ ሳስነብባቸው፣ በፊት ይንተባተብ የነበረው አሁንም ይንተባተባል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 68 ልጅ አንድ በአንድ ማስነበብ አይቻልም። እውነቱን ለመናገር፣ ዓመቱ ከተጀመረ ወዲህ ሲያነቡ አንድ ቀን እንኳ አጥርቼ ያልሰማኋቸው ልጆች አሉ፤ ይህም እንቅልፍ ይነሣኛል።

ኢንተርኔት የለንም፤ በክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ሲሆን መብራትም በየጊዜው ይጠፋል። ፕሮጀክተሩን ሞክሬው ነበር፤ መስኮቶቹ መጋረጃ ስለሌላቸው ሥዕሉ በግድግዳው ላይ አይታይም። እነዚህን ዕቃዎች ልጆቹ በእርግጥ ማንበብ እንዲችሉ ለማድረግ የተጠቀመባቸው ሰው ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው በዝርዝር ቢጽፍልኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

መልስ
ከ4ኛ ክፍል መምህር፣ አዳማ

እህቴ፣ ከጻፉት ሁሉ ልቤን የነካው «አጥርቼ ያልሰማኋቸው ልጆች አሉ» ያሉት ነው፤ ታብሌቱ ሊያግዝዎ የሚችለውም እዚያው ላይ ይመስለኛል። ጨዋታዎቹን ለጊዜው ይተዉአቸውና በየታብሌቱ ላይ ያለውን የድምፅ መቅጃ ይጠቀሙ። እኔ ባለፈው ዓመት የጀመርሁት በሁለት አሮጌ ስልኮች ነበር፤ 12 ታብሌት ቢኖረኝ ኖሮ ሥራው ምን ያህል በቀለለልኝ እያልሁ ነው የምጽፍልዎ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 68ቱን ተማሪዎች በአምስት ቀን ቢያካፍሏቸው በቀን 13 ወይም 14 ልጅ ይደርስዎታል። የዕለቱ ተረኞች ታብሌት ይዘው ወደ በረንዳ ይወጣሉ፤ ታብሌት ያልደረሳቸው አንድ ሁለት ልጆች የመጀመሪያዎቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። የቀሩት እርስዎ ዘንድ ሆነው የተለመደውን የጽሕፈት ሥራ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ተረኛ ስሙን ይናገራል፣ ከዚያም ከተማሪው መጽሐፍ የተመረጠውን ምንባብ ለአንድ ደቂቃ ያህል እየጮኸ ያነባል። ሲጨርስ የራሱን ድምፅ ያዳምጣል፤ ከዚያ ያንኑ ምንባብ እንደገና አንብቦ ይቀዳል። ይህችን ሁለተኛ ንባብ አደራ፣ እንዳይዘሏት። ልጁ የራሱን ድምፅ ሲሰማ የዘለለውን ቃልና የሳተውን ፊደል ማንም ሳይነግረው ይይዘዋል፤ እኔ ስናገረው ያፍር የነበረ ልጅ ከራሱ ድምፅ ሲሰማው ግን ወዲያው «ልድገመው» ይል ነበር።

ልጆቹን አራርቀው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቢያስቀምጧቸው የአንዱ ድምፅ በሌላው ቅጂ ውስጥ ብዙም አይገባም። እርስዎ ማታ ቤትዎ ሆነው የዕለቱን ቅጂዎች ያዳምጣሉ፤ ሁለተኛዎቹን ብቻ ቢሰሙ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በአንድ ደብተር ላይ በየስሙ ትይዩ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበና የትኛው ፊደል እንዳስቸገረው ይጻፉ። ቁጥሩን በክፍል ፊት አያንብቡ፤ ደረጃ ማውጫ ከሆነ ልጆቹ መሮጥ ይጀምራሉ፣ ንባቡም ይበላሻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ኀ»ን ከ«ነ» የሚያምታታው ማን እንደሆነ፣ ሳድሱን እንደ ግዕዝ የሚያነበው ማን እንደሆነ በስም ያውቃሉ። የሚቀጥለውን ሳምንት የሚያቅዱትም በዚህ ነው።

ከጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ትናንት በስድስት ልጆች ሞክሬ ያልጠበቅሁትን ነገር አገኘሁ። አንዲት ልጅ በምንባቡ ውስጥ «ዋና ይወዳል» የሚለውን «ዋና መንገድ» እንደሚባለው አጥብቃ አነበበችው። ፊደሉን አልሳተችም፤ ትርጉሙ ግን ጠፋባት። ቤታቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው። ይህን እንዴት ላስተምራት?

መልስ
በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ከሚያስተምር መምህር፣ አዳማ

መምህርት፣ ያገኙት ነገር በከተማችን ክፍሎች በብዛት የሚታይ ነው፤ ጥፋቱም የልጅቷ አይደለም። የአማርኛ ጽሕፈት ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም። «ገና» ብለን በዓሉንም እንጽፋለን፣ «ገና አልመጣም» ስንልም ያንኑ እንጽፋለን። «ልጁ ቤት አለ» እና «ልጁ እሺ አለ» በጽሑፍ አንድ ናቸው፣ በአፍ ግን ይለያያሉ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ የሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ተደርቦ ይጻፋል፤ «መጥፎ» ለማለት የሚጻፈው ቃል አንድ «ደ» ሲኖረው፣ «ደጋ» ለማለት የሚጻፈው ሁለት «ደ» አለው። ስለዚህ ልጅቷ በቁቤ ማንበብ የለመደች ከሆነ፣ መጥበቁን ዓይኗ ከፊደሉ ላይ ይጠብቃል፤ አማርኛው ደግሞ ከዐውዱ ፈልጊው ይላታል። ቤቷ አማርኛ የሚነገር ልጅ ቃሉን ቀድሞ በጆሮው ስለሚያውቀው ይቀለዋል፤ እሷ ግን ጆሮዋን የሚያለማምድላት ሰው ያስፈልጋታል።

ታብሌቱ እዚህ ላይ ይረዳዎታል። ዐሥር ያህል ጥንድ ዓረፍተ ነገሮችን በራስዎ ድምፅ ይቅዱ፦ «ካሣ ዋና ይወዳል»፣ «ካሣ በዋና መንገድ ሄደ» እያሉ። ቅጂውን በብሉቱዝ ወደ ሁሉም ታብሌቶች ያስተላልፉ። ልጆቹ ያዳምጣሉ፣ ይደግማሉ፣ ከዚያም በወረቀት ላይ የጠበቀው ፊደል ራስ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያኖራሉ። የልጅቷንም አፋን ኦሮሞ ይጠቀሙበት፤ በእነዚያ ሁለት የአፋን ኦሮሞ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት እሷ ለክፍሉ ብታስረዳ፣ የቤቷ ቋንቋ ትምህርቱን የሚያግዝ ሀብት መሆኑን ሁሉም ያያል። ይህ ለእኔ ከማናቸውም መተግበሪያ ይበልጣል።

መልስ
ከጡረተኛ የትምህርት ሱፐርቫይዘር

ልጄ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። የምጽፈው ሥራሽን ለማቀዝቀዝ ሳይሆን፣ በዘመኔ ያየሁትን እንድታውቂው ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባ ትልቅ ተስፋ ነበረን። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይመጣ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ ቢኖርም መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ሥርጭቱ እስኪያልቅ መምህሩ ዳር ቆሞ ይጠብቅ የነበረበትን ሁኔታ አልረሳውም።

ከእናንተ ብዙም በማይርቀው በወለንጪቲ አካባቢና በወንጪ ደግሞ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ለጥቂት ልጆች ታብሌት አድሎ፣ ያለ መምህር ማንበብ ይማሩ እንደሆነ ለማየት ሞክሮ ነበር። ልጆቹ ዕቃውን ራሳቸው ከፍተው እንዳስነሡት፣ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዝሙር እንደዘመሩ፣ የተዘጋውን ካሜራም እንደከፈቱ ተዘግቧል። የልጆቻችንን ብልኀት አደንቃለሁ፤ ዕቃ መክፈትና ምንባብ መረዳት ግን አንድ አይደሉም። የፔሩ መንግሥት ባደለው የዚሁ ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ በ319 የገጠር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ፣ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አልተገኘም። የአንቺ ወንድም መምህር የነገረሽ መንገድ ደስ ያሰኘኝ፣ ዕቃው ልጁን ወደ አንቺ ጆሮ ስለሚያቀርበው ነው። ቅጂውን የማዳመጡን ሥራ አትተዪው፤ እሱ ከቀረ ታብሌቱ ተመልሶ መጫወቻ ይሆናል።

መልስ
ከአይ.ሲ.ቲ. ባለሙያ፣ አዳማ

ስለ ዕቃዎቹ አያያዝ ጥቂት ልጨምር። አንድ ታብሌት ሲሞላ የሚወስደው ኃይል 10 ዋት አካባቢ ነው፤ ዐሥራ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢሰኩ ከ120 ዋት እምብዛም አይርቅም፣ ይህም ከእንጀራ ምጣድ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። አንድ ደህና ዲቫይደር ይበቃችኋል፤ ርካሹና ቀጭኑ ገመድ ግን ስለሚግል አይግዙት። መብራት እንደሚጠፋ እያወቁ ጠዋት ለመሙላት ከማሰብ፣ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያበቃ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቢሞሉ ይሻላል። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ባትሪና ሶኬት ይጎዳሉ፤ ከቆርቆሮው ጣራ ሥር በሚግል መደርደሪያ ላይ አያሳድሯቸው። ክረምት ሲዘጋም ባትሪው ባዶ ሆኖ ለወራት እንዳይቀመጥ በግማሽ ሞልተው ያስቀምጡት።

ልጆቹ ከድምፅ መቅጃው ወጥተው ወደ ጨዋታ እንዳይሄዱ፣ በታብሌቱ ሴቲንግ ውስጥ አንድ መተግበሪያ ብቻ እንዲታይ የሚያደርገውን መቆለፊያ ያብሩ። ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ ትምህርቶች ለምትጠይቁ፣ ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ ታብሌቶቹ በዋይፋይ ከእሱ ጋር ይገናኛሉ፤ ሆኖም አብዛኛው ይዘቱ በእኛ ቋንቋ ስላልሆነ ለ3ኛ ክፍል አማርኛ አልመክረውም። ፕሮጀክተሩን ለጊዜው ለመምህራን ሥልጠና ያውሉት፤ ለእሱ ሲባል የንባብ ክፍልን ማጨለም አይገባም።

መልስ
ከወላጅ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት አባል

መምህርት፣ በመጀመሪያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የልጆቹን ድምፅ በቴሌግራም ቡድን አይልቀቁት። የሚንተባተብ ልጅ ድምፅ በሰፈር ከተሰማ ልጁ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ከመጀመርዎ በፊት በስብሰባ ላይ ለወላጆች ያስረዱን፣ ፈቃዳችንንም ይጠይቁ። ከዚያም በሴሚስተሩ መጨረሻ ለየወላጁ የራሱን ልጅ ብቻ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጂ ለብቻው ቢያሰሙን፣ ከካርድ ላይ ካለው ማርክ የበለጠ እንረዳዋለን። እኔ ራሴ ማንበብ የተማርሁት በጎልማሳነቴ ነው፤ የልጄን ንባብ በጆሮዬ ብሰማ ምን እንደጎደለው አውቃለሁ።

ከጠያቂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ
አባቴም፣ ወንድሞቼም፣ መልስ የሰጣችሁኝ ሁሉ፣ አክባሪያችሁ ነኝ። ወላጆችን ሰብስበን ፈቃድ አግኝተናል። 68ቱንም ልጆች ሁለት ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። ዝምተኛ ስለሆነች ማንበብ የማትችል ትመስለኝ የነበረች ልጅ ከክፍሉ ሁሉ በተሻለ ታነባለች፤ እጁን ሁልጊዜ የሚያወጣ አንድ ልጅ ደግሞ ምንባቡን በቃሉ ይዞ እንጂ እያነበበ አልነበረም፤ ምንባቡን ስለውጥበት ቆመ። አሁን ከእሱ ጋር ከ«ሀ» ጀምረናል። የ«ዋና»ዋ ልጅ በእርሳስ ነጥቦቿ ጓደኞቿን እያስተማረች ነው። አንድ ችግር ቀርቶኛል፦ 7ኛው ታብሌት ላይ የሚቀዳው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይታፈናል። ምን ላድርግ?

መልስ
ከአይ.ሲ.ቲ. ባለሙያ፣ አዳማ

መጀመሪያ የታብሌቱን ሽፋን አውልቀው ይቅዱ፤ ሽፋኑ የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። ካልተሻለው ቀዳዳው ላይ አቧራ ገብቶ ይሆናልና በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርገው ያጽዱት፤ መርፌ እንዳይሰዱበት፣ በአፍዎም እንዳይነፉበት። ያም ካልሆነ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ይዘውት ይምጡ፤ አብረን እናየዋለን።