የሳይንስና አካባቢ ጥበቃ ክበባችን ከኅዳር አያልፍም፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

የሳቢያኗ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነው የማስተምረው፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ባዮሎጂ። የሳይንስና አካባቢ ጥበቃ ክበቡን ከያዝኩ ሦስት ዓመቴ ነው። መስከረም ላይ 60 ልጅ ይመዘገባል፣ ጥቅምት ላይ 30 ይመጣል፣ ኅዳር ሲገባ እኔና አምስት ልጆች እንቀራለን። አምስቱ ወርቅ የሆኑ ልጆች ናቸው። ለእነሱ ስል ነው መተው ያቃተኝ።

ምን እንሠራለን? ቅዳሜ ግቢ እናጸዳለን፣ ፌስታል እንለቅማለን። በሚኒሚዲያ ጽሑፍ እናነባለን። ሰኔ ላይ ችግኝ እንተክልና ትምህርት ይዘጋል። መስከረም ስንመለስ የምናገኘው ፍየል የጋጠው እንጨት ነው። ዘንድሮ አንዷ ልጅ የተከለችውን ፍለጋ ሄዳ፣ ስሟን የጻፈችበትን ቆርቆሮ ብቻ አግኝታ፣ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምንም አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ላይ አላየኋትም።

የላብ ዕቃ የለንም ማለት ይቻላል። አንድ ማይክሮስኮፕ አለ፣ መስታወቱ ደብዝዟል። ክበባችሁ ዓመቱን ሙሉ የዘለቀላችሁ ካላችሁ፣ ልጆቹ የቆዩላችሁ ምን ስታሠሯቸው ነው?

መጋላ ሰፈር

እህቴ አትቀየሚኝ፣ ልጆቹ ሰንፈው የጠፉ አይመስለኝም። ሳይንስ ብለው መጡ፣ መጥረጊያ ተሰጣቸው። መጥረጊያ ደግሞ ቤታቸውም አለ።

እኔ ጤና ላይ ነው የምሠራው። ድሬ ውስጥ ለልጅ የሚሆን ላብራቶሪ ፈልጊ ብትዪኝ የውሃ በርሜል ነው የማሳይሽ። ውሃ በየጊዜው ስለሚጠፋ ሁሉም ቤት በርሜል ወይ ሮቶ አለው። ክዳኑ ካልገጠመ፣ በባትሪ አብርተሽ ስታዪ የትንኝ እጭ ሲወራጭ ታገኚዋለሽ። በጭልፋ ቀድታችሁ ነጭ ሳህን ላይ አድርጉትና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ውሃው ገጽ ላይ ጋደም ብሎ የሚተኛው የወባ ትንኝ እጭ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌሎቹ ነው፣ ደንጊና ቺኩንጉኒያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈውም ከነዚህ ወገን ናት። ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም፣ በዓይን ይታያል። ልጅ ይሄን አንዴ ካየ አይረሳውም።

2011 ላይ ቺኩንጉኒያ ስንቱን ቤት አልጋ ላይ እንዳዋለ ሁላችንም እናውቃለን። 2014 ላይ ደግሞ የወባ ወረርሽኝ መጣ። ከእስያ የገባች አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ እጇ እንዳለበት ተመራማሪዎቹ አረጋግጠዋል። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። የለመድናት የወባ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ትጠብቃለች፣ ለዚህችኛዋ ግን የእኛ በርሜል ይበቃታል፣ በበጋም ትራባለች።

እና እያንዳንዱ ልጅ የራሱንና የአራት ጎረቤት ቤት ይያዝ። ስንት በርሜል፣ ስንቱ ክዳን አለው፣ ስንቱ ውስጥ እጭ ተገኘ፣ በየሳምንቱ ይጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስቀድመሽ አናግሪያት፣ ሰው ቤት ዝም ብሎ አይገባም። እጭ ያለበትን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ድፉ። በርሜሉን መድፋት ብቻ ግን አይበቃም፣ ውስጡን መፈተግ አለባችሁ፣ ምክንያቱም የደንጊዋ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆም ወራት ይቆያል።

ከጀጎል

ሐረር ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የበርሜሉን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፣ እኔም እወስደዋለሁ። እኔ የችግኙን ነገር ልናገር።

ሰኔ ላይ ተክላችሁ ትሄዳላችሁ፣ የሚያየው ሰው የለም። እኛ ወደ መጋቢት አመጣነው። በልግ ላይ ቢያንስ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ናቸው። ደግሞ ቁጥሩን ቀነስነው፣ ለሁለት ልጅ አንድ ችግኝ። ከችግኙ አጠገብ አፉ ብቻ እስኪቀር ሸክላ እንቀብራለን፣ ያልተቀባ ተራ ሸክላ። ውሃ ሞልተን እንከድነዋለን፣ በሸክላው ግድግዳ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይሰርጋል። ከላይ ብታፈሱት ግማሹን ፀሐይ ነው የሚጠጣው፣ ድሬ ላይማ ይብሳል። ክረምት ላይ ደግሞ የጥበቃው ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ስለሚማር ኃላፊነቱን ለእሱ ሰጠነው።

ዝናብም እንለካለን። ሃይላንዱን ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ጎኑ ቀጥ ማለት ከሚጀምርበት ቆርጣችሁ፣ የላዩን ቁራጭ ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ (ፈነል) አፉ ላይ አስቀምጡት። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ውሃ ሙሉበትና ዜሮውን ጎኑ ቀጥ ካለበት ጀምሩ። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ይሄን ይዘው ልጆቹ የክፍላቸውን ጣሪያ ለኩ፣ 20 ሜትር በ8 ሜትር። 10 ሚሊሜትር ሲዘንብ 1,600 ሊትር፣ 80 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ሒሳቡን የሠራችው ልጅ ሁለት ጊዜ ደግማ አሰላችው፣ አላመነችውም። በማግስቱ ስለ ጣሪያ አሸንዳ ዳይሬክተሩን ሊያናግሩ የሄዱት ራሳቸው ናቸው፣ እኔ አልላክኋቸውም።

ሌላው፣ ሐረማያ ሐይቅ እንዴት እንደደረቀ አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ አደረግን። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ የተሳበው፣ ከተራራው ታጥቦ የገባው ደለል፣ ለከተማ የሚወሰደው ውሃ፣ ሁሉንም ሰምተው መጡ። አሁን ውሃው መመለሱን ደግሞ በመኪና ሲያልፉ በዓይናቸው አይተዋል። እናንተም ከተማችሁን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አለላችሁ።

የቀፊራ ልጅ

ደቻቱ ሲባል ደንገጥ ብዬ ነው የጻፍኩት። መምህርት፣ ልጆች ወደ አሸዋው ይዘው ከወረዱ በበጋ ይሁን፣ ከላይ ያለውንም ሰማይ ይዩ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከሐረርጌ ደጋ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። በ1998 ክረምት ሌሊት ነው የመጣብን፣ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። የእርስዎ ተማሪዎች ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው፣ አሸዋውን እንደ ሜዳ ነው የሚያዩት። ይህን ራሱ ያስተምሯቸው። ጎርፉ እስከየት ደርሶ እንደነበር ጣታቸውን ግድግዳ ላይ አድርገው የሚያሳዩ ጎረቤቶች አሁንም አሉ።

ሐናን 12ኛ

ቲቸር፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ የሌላ ትምህርት ቤት። ክበብ ያቆምኩት ጠልቼው አይደለም። ቅዳሜ ነበር፣ ቅዳሜ ደግሞ ውሃ ከመጣ ቤት ሆኜ ጀሪካን መሙላት አለብኝ፣ ወንድሜ ግን ይሄዳል። ስንቀር ስማችን ከመዝገብ ይሰረዝ ነበር። ወላሂ ያ ነው ያስቀረኝ። ከክፍል በኋላ 40 ደቂቃ ቢሆን ብዙ ሴቶች እንመጣ ነበር።

የሳቢያኗ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐናን፣ የአንቺን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ሦስት ጊዜ የቀረ ስሙ ይሰረዛል ብዬ ሕግ አውጥቻለሁ። ዛሬ አነሳዋለሁ። ቀኑን ወደ ማክሰኞ አዛውረነዋል።

ትናንት አምስቱን ልጆች ይዤ የትምህርት ቤታችንን ሮቶ ከፈትን። ክዳኑ በድንጋይ ነበር የተያዘው። ነጩ ሳህን ላይ 14 ቆጠርን፣ ሦስቱ ጋደም ያሉ። አንዱ ልጅ ሮጦ ሄዶ ጓደኞቹን ጠርቶ መጣ፣ ሳህኑን ከበው ቆሙ፣ ቆርቆሮዋን የነቀለችው ልጅም ከኋላ ነበረች። መጋላ ሰፈር፣ አንድ ጥያቄ፦ ሮቶው ትልቅ ስለሆነ ደፍተን መፈተግ አንችልም፣ አፉን በምን ብንሸፍነው ይሻላል? የወባ አጎበር ጨርቅ ይሆናል?